የፍራፍሬ ፓያችሁ ለምን ይበላሻል? ከሊጥ እስከ መቁረጥ፣ ደረጃ በደረጃ

ላዩ አምሮ፣ ወርቅማ ሆኖ ከኦቨን ይወጣል። ቢላዋ ሲገባበት ግን ጭማቂው ሳህኑን ያጥለቀልቀዋል። ስሩ ደግሞ ጥሬ ሊጥ ሆኖ መጋገሪያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የፍራፍሬ ፓይ ሞክረው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች በብዛት የሚያነሱት ቅሬታ ይህ ነው።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመጠን ስህተት አይደለም። ጥፋተኛው ውሃ ነው። ፖም ከክብደቱ 85 በመቶ አካባቢ ውሃ ነው፤ እንጆሪ ደግሞ 90 በመቶ ያህል። ሊጡ ደረቅ ሆኖ መብሰል ይፈልጋል። እናንተ ደግሞ መሃሉ ላይ ከአንድ ሊትር የማይተናነስ ውሃ የያዘ ፍሬ ታስቀምጣላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ ውሃው የት ይሂድ?

መነሻዬ የፖም ፓይ ነው። ሌላ ፍሬ ስትጠቀሙ የሚለወጠውን በየቦታው አነሳለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ለ23 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ፣ ከላይም ከታችም ሊጥ ላለው ፓይ፦

ለሊጡ
- 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት
- 220 ግራም ከፍሪጅ የወጣ፣ ጠጣር የገበታ ቅቤ
- 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
- 1 የሻይ ማንኪያ ጨው
- ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር በረዶ የገባበት ውሃ

ለሙሌቱ
- 1.3 ኪሎ ጠንካራ ፖም (ሳይላጥ ተመዝኖ)
- 120 ግራም ስኳር
- 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
- 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው
- 3 የሾርባ ማንኪያ (25 ግራም ገደማ) ኮርን ስታርች

ላዩን ለመቀባት አንድ የእንቁላል አስኳልና አንድ ማንኪያ ወተት ይበቃል።

ኮርን ስታርች ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። አንዳንዱ ላይ ኮርን ፍላወር ተብሎ ይጻፋል። ነጭ፣ በጣም የላመ፣ በጣት ሲጫኑት የሚንሸራተት ዱቄት ነው። ገንፎና ቂጣ የሚሠራበት ተራ የበቆሎ ዱቄት ቦታውን አይተካም።

ከዕቃ ሚዛን፣ መዳመጫ፣ ወንፊት፣ ፎይልና አንድ ወፈር ያለ የብረት ትሪ ያስፈልጋል። መጋገሪያው ስስ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል። ብርጭቆም ጥሩ ነው፣ ስሩ መቅላቱን ስለሚያሳያችሁ። ወፍራም ሸክላ ግን ለጀማሪ አልመክርም። እስኪግል ድረስ ሊጡ ጭማቂውን ይጠጣል።

የኦቨን ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙ። የቤት ኦቨን ቁልፉ ላይ ከሚያሳየው 15 ወይም 20 ዲግሪ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። እናንተ 220 ብላችሁ እሱ 200 ላይ ከሆነ፣ ስሩ ያልበሰለበትን ምክንያት ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ደረጃ 1፦ ሊጡን አዘጋጁ

1. ቅቤውን 1.5 ሴንቲ ሜትር በሚያህል ኩብ ቁረጡና ለ10 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ዱቄቱንም አብራችሁ አስገቡ።
2. ዱቄት፣ ስኳርና ጨውን ቀላቅሉ።
3. ቅቤውን ጨምሩና ዱቄት አልብሱት። ከዚያ አንድ በአንድ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያዙና ጫን በሉት። አታሹት፣ አትፈትጉት። ጫን ብላችሁ ልቀቁት። ቅጠል መስሎ ጠፍጠፍ ይላል።
4. ከፊሉ የአተር ፍሬ ሲያህል፣ ከፊሉ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲቀር አቁሙ። ቅቤው ለዓይን መታየት አለበት። ኦቨን ውስጥ እነዚህ ቁርጥራጮች ይቀልጡና በውስጣቸው ያለው ውሃ ተንኖ ሊጡን ገጽ በገጽ ይለያየዋል። ሙሉ በሙሉ ካሻችሁት የሚለያይ ነገር አይኖርም፤ ደረቅ ብስኩት ይሆናል።
5. ውሃውን መጀመሪያ 6 የሾርባ ማንኪያ (90 ሚሊ ሊትር) ብቻ አድርጉ። በሹካ አንቀሳቅሱ።
6. ጭብጥ አድርጉት። ከተያያዘ በቃው። ከተፈረካከሰ በሻይ ማንኪያ እየጨመራችሁ ሞክሩ።

ሊጡ ለስላሳና የተቦካ መምሰል የለበትም። ሻካራ፣ እዚህም እዚያም ዱቄት የሚታይበት፣ ግን ሲጨብጡት የሚይዝ ይሁን። እንደ ዳቦ ሊጥ ካሻችሁት ግሉተኑ (ሊጡን የሚያያይዘው የዱቄቱ ፕሮቲን) ይጠነክራል። የጠነከረ ግሉተን ደግሞ ሁለት ነገር ያመጣል፦ ሲበሉት ድርቅ የሚል ቅርፊትና ኦቨን ውስጥ የሚሰበሰብ ጠርዝ።

*ውሃ ከበዛበት፦* ዱቄት አትጨምሩበት። ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ለሁለት ሰዓት አቆዩት፤ ስትዳምጡ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት በዛ አድርጉ። ትንሽ ይጠጥራል፣ ግን ይበላል።

*ቅቤው እጃችሁ ላይ መቅለጥ ከጀመረ፦* ሳህኑን እንዳለ ለ15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱትና ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ይህን እረፍት «ምን አለበት» ብላችሁ አትዝለሉት።

ደረጃ 2፦ አሳርፉት

ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱ ትንሽ ተለቅ ይበል። ወፈር ያለ ክብ አድርጋችሁ በስስ ላስቲክ ጠቅልሉና ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ማደር ከቻለ የተሻለ ነው። ውሃው ለሊጡ እኩል ይዳረሳል፣ ግሉተኑም ይላላል።

ደረጃ 3፦ ፍሬውን አጠንፍፉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ፓይ የሚድነውም የሚጠፋውም በዚህ ደረጃ ነው።

1. ፖሙን ልጣችሁ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቁረጡ። አንዱ ስስ አንዱ ወፍራም ከሆነ፣ ስሱ ሲሟሟ ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል።
2. ስኳሩን፣ ሎሚውን፣ ጨውና ቀረፋውን ጨምራችሁ አገላብጡ። ስታርቹን ገና አትጨምሩ።
3. ለአንድ ሰዓት ተዉት። ስኳሩ ውሃውን ስቦ ያወጣዋል።
4. ወንፊት ላይ ገልብጡት፣ ስሩ ድስት አድርጉ። ለ10 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ። ግማሽ ኩባያ ወይም ከዚያ በላይ ጭማቂ ታገኛላችሁ።
5. ጭማቂውን መካከለኛ እሳት ላይ ወደ ግማሽ እስኪወርድ አፍሉት። ማንኪያ ስትነክሩበት ጀርባው ላይ ቀጭን ሽፋን ይተዋል። ቀለሙም ጠቆር ይላል።
6. አቀዝቅዙት። ትኩስ ጭማቂ ሊጥ ላይ ከፈሰሰ ቅቤውን ያቀልጠዋል፤ ስሩ ገና ኦቨን ሳይገባ ተበላሸ ማለት ነው።
7. ስታርቹን ፍሬው ላይ በትናችሁ አገላብጡ፣ ከዚያ የቀዘቀዘውን ጭማቂ መልሱበት።

ጭማቂውን የምትደፉ ሰዎች አላችሁ። እባካችሁ አትድፉት። የፍሬው ጣዕም ያለው እሱ ውስጥ ነው። መቀነስ ያለበት ውሃው ብቻ ነው።

ይህ ሥራ ሌላም ችግር ይፈታል። ጥሬ ፖም ሲበስል ይሟሽሽና ቁመቱ ይቀንሳል። ላዩ ሊጥ ግን ቀድሞ ደርቆ ባለበት ይቆማል። ስትቆርጡ መሃል ላይ ባዶ ዋሻ ይታያል። አስቀድሞ ውሃውን የለቀቀ ፖም መጋገሪያው ላይ ጠበቅ ብሎ ስለሚገጥም ክፍተቱ በጣም ይጠባል።

*ፍሬው ሌላ ከሆነ፦* ለ1.2 ኪሎ ኮክ ከ30 እስከ 35 ግራም ስታርች አድርጉ። ለ900 ግራም እንጆሪ ወይም መሰል ለስላሳ ፍሬ 40 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። በጣም የበሰለ ፍሬ ስኳሩ ስለሚበዛ ቅመሱና ከስኳሩ ቀንሱ። ሎሚን ግን ከልክ በላይ አታብዙ። አሲድ ሲበዛ ስታርች የማወፈር አቅሙ ይደክማል።

*ፍሬው ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ፦* ወንፊት ላይ ሙሉ በሙሉ ይቅለጥ። የወጣውን ውሃ እንደዚሁ አፍልታችሁ መልሱት።

ደረጃ 4፦ ዳምጡና አንጥፉ

1. ትልቁን ሊጥ አውጡ። ድንጋይ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ጫን ሲሉት እጥፍ ይበል እንጂ አይሰንጠቅ።
2. ከመሃል ወደ ዳር ዳምጡ። በየጊዜው ሩብ ዙር አዙሩት። ካልዞረ ተጣብቋል ማለት ነው፣ ከስሩ ዱቄት በትኑ።
3. ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ ከ30 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይሁን።
4. መዳመጫው ላይ ጠቅልላችሁ መጋገሪያው ላይ ፍቱት። ጠርዙን አንስታችሁ ወደ ማዕዘኑ *ጣል* አድርጉት። አትጎትቱት። የተጎተተ ሊጥ ኦቨን ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ጠርዙም ወደ ውስጥ ይሸሻል።
5. ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። የላዩንም ሊጥ 28 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ዳምጣችሁ ትሪ ላይ አብራችሁ አስገቡ።

*ከተቀደደ፦* ከትርፉ ቁራሽ ወስዳችሁ ጠርዙን በውሃ አርጥቡና ለጥፉበት። እንደገና አቡክቶ መዳመጥ ከቀዳዳው የባሰ ጉዳት ያመጣል። ስሩ ላይ ግን ትንሽ ቀዳዳ እንኳ እንዳታልፉ። ጭማቂው በዚያ ሾልኮ ከሊጡ ስር ይገባና ስኳሩ መጋገሪያው ላይ ያጣብቀዋል።

ደረጃ 5፦ ሙሉና ክደኑ

ኦቨኑን አሁን ለኩሱ። 220 ዲግሪ ላይ አድርጉት። የብረት ትሪውን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጋችሁ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይጋል። ፓዩ የሚቀመጠው በዚህ ትሪ ላይ ነው። ስሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሥር ኃይለኛ ሙቀት ካገኘ፣ ጭማቂው ሳይደርስበት ይጠነክራል። የሚገነፍለውን ሽሮፕም ትሪው ይቀበላል።

ማስጠንቀቂያ፦ መጋገሪያችሁ ብርጭቆ ከሆነ ከፍሪጅ ወይም ከፍሪዘር አውጥታችሁ የጋለ ትሪ ላይ አታስቀምጡት። በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ሊፈነዳ ይችላል። ለብርጭቆ ትሪውን ቀዝቃዛውን ተጠቀሙና ለመጋገሪያው ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጨምሩ።

1. ፍሬውን በእጃችሁ ደርድሩት፣ ክፍተት እንዳይኖር ጫን ጫን አድርጉ።
2. ጠርዙን በውሃ አርጥቡ፣ ላዩን ክደኑ፣ ትርፉን ቁረጡ። ሁለቱን ሊጥ አንድ ላይ ወደ ስር አጥፋችሁ በሹካ ተጫኑት።
3. በአስኳሉና በወተቱ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።
4. ላዩ ላይ 5 ወይም 6 ቦታ፣ እያንዳንዱን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቁት። ጠበብ ያለ ቀዳዳ ሲበስል ይዘጋል። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ደግሞ ጠርዙን በርግዶ ይወጣል።

ከሞላችሁ በኋላ ወዲያው ጋግሩ። እንግዳ እስኪመጣ ጠረጴዛ ላይ አታቆዩት፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ስሩን ያረጥባል።

ደረጃ 6፦ ጋግሩ

1. በ220 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ።
2. ወደ 190 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ቀጥሉ።
3. ጠርዙ ቀድሞ ከጠቆረ ዳሩን ብቻ በፎይል ሸፍኑ። ላዩ በሙሉ ከቀላ ፎይሉን ሳታጠብቁ ከላይ ጣል አድርጉ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ መብሰሉን በምን ታውቃላችሁ? በላዩ ቀለም አትመኑ። እንቁላል የተቀባ ሊጥ ውስጡ ጥሬ እያለ ይቀላል። ብዙ ፓይ የሚበላሸው 45 ደቂቃ ላይ «ደረሰ» ተብሎ ሲወጣ ነው።

ሰንጠቆቹን ተመልከቱ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ላይ ጭማቂ ይታያል። ቀጭን ነው፣ አረፋው ቶሎ ቶሎ ይፈነዳል። ይህ ውሃ ሲፈላ ነው፤ ስታርቹ ገና ሥራውን አልጨረሰም። ቆይቶ አረፋው ይከብዳል። ቀስ ብሎ ያብጣል፣ «ቦጭ» ብሎ ይፈነዳል፣ ፈሳሹም ጥርት ያለና የሚያብረቀርቅ ይሆናል። ይህን ዳር ላይ ሳይሆን መሃሉ ባለው ሰንጠቅ ውስጥ ስታዩ ከዚያ በኋላ 5 ደቂቃ ጨምሩና አውጡ።

የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ መሃሉ 95 ዲግሪ ገደማ ማንበብ አለበት። ከፍታ ቦታ ለምትኖሩ ግን ይህ ቁጥር አይሠራም። 2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ፓዩ 95 እስኪደርስ ብትጠብቁ ታሳርሩታላችሁ። እናንተ አረፋውን ብቻ እመኑ፣ መሃሉ መፍላት ከጀመረ በኋላም 10 ደቂቃ ያህል ስጡት።

*ጭማቂው ገንፍሎ ከጨሰ፦* ኦቨኑን አታጥፉ። ጨው የፈሰሰበት ላይ በትኑበት፣ ጭሱን ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝም ለመፋቅ ይቀላል። በሩን ደጋግማችሁ አትክፈቱ።

ደረጃ 7፦ አቀዝቅዙ

የሽቦ መደርደሪያ ላይ አድርጉት፤ አየር ከስሩ ይለፍ። ቢያንስ 4 ሰዓት ጠብቁ። ሽታው ቤቱን ሞልቶት መጠበቅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስታርች ሲሞቅ ይወፍራል፣ የሚረጋው ግን ሲቀዘቅዝ ነው። በትክክል የበሰለ ፓይ እንኳ በግማሽ ሰዓት ከተቆረጠ ይፈሳል፤ እናንተም ያላጠፋችሁትን ጥፋት ፍለጋ ትገባላችሁ። ሞቅ ያለ ከፈለጋችሁ ከረጋ በኋላ መልሳችሁ አሙቁት።

ከወጣ በኋላ ችግር ካያችሁ

*ሙሌቱ ቀጭን ነው፣ ገና አልተቆረጠም።* ማንኪያ በሰንጠቁ አስገብታችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ በፎይል ሸፍናችሁ 190 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መልሱት። መሃሉ ይፍላ። ከዚያ እንደገና 4 ሰዓት።

*ተቆርጦ ፈሰሰ።* የፈሰሰውን በማንኪያ ሰብስቡ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ኩባያ ፈሳሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩና አንድ ደቂቃ አፍሉት። ቁራሹ ላይ መልሳችሁ አፍስሱት። ውፍረቱ ይመጣል፣ ጣዕሙም አይጎድልም።

*ሙሌቱ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ደብዘዝ ያለ ነው።* ስታርቹ አልበሰለም። ከላይ እንዳልኩት ወደ ኦቨን መልሱት። በሚቀጥለው ጊዜ ስታርች አትቀንሱ፣ ሰዓት ጨምሩ።

*ስሩ ገርጥቶ ለስልሷል።* መጋገሪያው ብረት ከሆነ ትሪ 200 ዲግሪ ላይ አግላችሁ ፓዩን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መልሱ፣ ላዩን በፎይል ሸፍናችሁ። ይህ የሚሠራው ፓዩ ሳይውል ሳያድር ነው። ካደረ በኋላ ቁራሽ በቁራሽ ትሪ ላይ አድርጋችሁ 180 ዲግሪ ላይ 12 ደቂቃ ያህል አሙቁት። ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ግን ቀርሸም ማለቱ አይቀርም።

*ጠርዙ ወርዷል ወይም ተሰብስቧል።* ሊጡ ታሽቷል፣ ተጎትቷል ወይም ሳይቀዘቅዝ ገብቷል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቅመሱት። ከጠጠረ መታሸቱ ነው። ገጽ በገጽ ሆኖ ግን ካጠረ መጎተቱ ነው። ቅባት ትሪው ላይ ፈስሶ ካገኛችሁ ቅቤው ቀልጦ ገብቷል።

*ላዩ ተሰንጥቆ ወድቋል።* ሰንጠቆቹ ጠበው ነበር ወይም ፍሬው ክፍተት ይዞ ተደርድሯል። ለዛሬ የሚደረግ ነገር የለም፤ በማንኪያ አቅርቡት።

*ፖሙ ፈርሶ ማርማላታ ሆነ።* የፖሙ ዓይነት ለስላሳ ነው። ሲነክሱት ቅርጭ የሚል ፖም ምረጡ። የግድ ለስላሳው ብቻ ካለ ውፍረቱን ወደ 1 ሴንቲ ሜትር አሳድጉት።

ማስቀመጥ

ሙሌቱ ፍሬና ስኳር ብቻ ከሆነ፣ ሸፈን አድርጋችሁ ከፍሪጅ ውጪ እስከ 2 ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ ፍሪጅ ይግባ። ወተት፣ ክሬም ወይም እንቁላል ሙሌቱ ውስጥ ካለ ግን እንደቀዘቀዘ ወዲያው ፍሪጅ አስገቡት። ትኩሱን ፓይ በላስቲክ አትሸፍኑ። የታመቀው እንፋሎት ላዩ ላይ ይንጠባጠብና ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል።